ትንሽ ሽጉጥ ሁሉ ለእጅ አይቀልም፦ ከልብስ ስር ለመታጠቅ የትኛው ይሻላል?

አንዲት እናት ለልምምድ መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ሪህ ስላለባቸው የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጧል። ይዘውት የመጡት ሽጉጥ መዳፍ ውስጥ ጥፍት የሚል ነው። ክብደቱ 270 ግራም ገደማ፣ ጥይቱ .380 የሚባለው ነው (ቁጥሩ የአረሩን ውፍረት በኢንች በግምት ይናገራል)። የመረጠላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ «ትንሽ ነው፣ ለአክስቴ አይከብዳትም» ብሎ።

ሦስት ጥይት ተኮሱ። ከሦስተኛው በኋላ ሽጉጡን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ያለውን ስጋ ማሸት ጀመሩ። ቦታው ቀልቷል። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሚመታው እኔን ነው» አሉኝ።

ሌላ ሰጠኋቸው። ጥይቱ ያው .380 ነው። ሽጉጡ ግን 520 ግራም ይመዝናል፣ እጀታውም ሦስት ጣት በደንብ ያስይዛል። ስምንቱንም ጥይት ጨረሱ። ቀና ብለው «ድገምልኝ» አሉኝ።

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ትንሽ፣ የማይራገጥ፣ ከልብስ ስር የማይታይ ሽጉጥ የቱ ነው?» ችግሩ ትንሽነትና አለመራገጥ አብረው የማይሄዱ መሆናቸው ነው። አንዱን ስትስቡ ሌላው ይሸሻል። እኔ የምመክረው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ በእርግጥ ልትደብቁት ከምትችሉት ውስጥ ትልቁንና ከባዱን ያዙ። ትንሹን አይደለም።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ። ሽጉጥ ታጥቆ መንቀሳቀስ በብዙ አገር ጭራሽ ክልክል ነው። በሌላው ፈቃድ ይጠይቃል። ቤት ለማስቀመጥ የተሰጠ ፈቃድ ከልብስ ስር ለመታጠቅ ላያገለግል ይችላል። ይህ ሳይጣራ ሞዴል ለማማረጥ አትቸኩሉ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ የሚቆለፍ ሳጥን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ቀን የሚገዛ ዕቃ ነው። «በኋላ እገዛለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ርግጫው ከየት ይመጣል?

አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመጣል። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ የሚገፋውም ያው ነው። ልዩነት የሚያመጣው ግፊቱን የሚቀበለው ሽጉጥ ክብደት ነው። የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ሲቀንስ እጃችሁ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ ይሆናል።

በግርድፉ እናስላው። የ9 ሚሊ አረር አብዛኛውን ጊዜ 7.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ይበራል። የባሩዱን ጋዝ ጨምረን ስንቆጥር 500 ግራም የሚመዝን ሽጉጥ ላይ የርግጫው ጉልበት ከ8 እስከ 9 ጁል ይሆናል። ያንኑ ጥይት 1 ኪሎ ከሚመዝን ሽጉጥ ብትተኩሱት ግማሹ ብቻ ይደርሳችኋል።

አሁን .380ን እንይ። አረሩ 6 ግራም ገደማ ነው። በሰከንድ 270 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። 270 ግራም ከሚመዝን የኪስ ሽጉጥ ሲተኮስ ከ6 እስከ 7 ጁል ይሰጣል። 9 ሚሊ ደግሞ 650 ግራም ከሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ? እሱም ከ6 እስከ 7 ጁል። ለስላሳ የሚባለው ጥይት ትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ ከኃይለኛው እኩል ይራገጣል ማለት ነው። የእናትየውን እጅ ያቀላው ይሄ ነው። ያንኑ .380 በ520 ግራም ሽጉጥ ሲተኩሱት ግን 4 ጁል እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ ሁሉንም አይናገርም። እጀታው ቀጭን ከሆነ ያው ጉልበት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ይበልጥ ያማል። ትንሿ ጣት ማረፊያ ካጣች የሽጉጡ አፍ ወደ ላይ ይዘላል።

የውስጥ አሠራሩም ወሳኝ ነው። ዋልተር ፒፒኬን ውሰዱ፤ በ1931 የወጣና ዛሬም ብዙ ሰው የሚወደው ሽጉጥ ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው። ሲተኮስ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ምቱ ድንገተኛ ይሆናል፣ ሞላውም ጠንካራ ስለሆነ ማቀባበል ይከብዳል። የብዙዎቹ አዳዲስ .380 ሽጉጦች አፈሙዝ ግን ለቅጽበት ከተንሸራታቹ ብረት ጋር ተቆላልፎ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ ዘንበል ብሎ ይላቀቃል። ምቱ ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ ተከፋፍሎ ይመጣል። ሞላውንም ላላ ማድረግ ይቻላል። ክብደታቸውም ጥይታቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ሽጉጦች አንዱ አሳምሞ ሌላው የማያሳምመው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጭ ብዙ ጊዜ ይህን አይነግራችሁም። እናንተ ጠይቁ።

ጥይቱስ?

ከሁሉም የማይራገጠው .22 ሎንግ ራይፍል ነው። ከ1887 ጀምሮ አለ፤ ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ እንደልብ ያለማምዳል። ድክመቱ አሠራሩ ላይ ነው። እሳት የሚያስነሳው ቅመም በቀልሃው ጠርዝ ዙሪያ የተቀባ በመሆኑ አንዳንዴ መቺው ቅመሙ የሳሳበት ቦታ ላይ ያርፍና ጥይቱ ይከሽፋል። መሀሉን ተመትቶ የሚተኮስ ጥይት እንዲህ አያበዛም። ቢሆንም ሌላውን ሁሉ ሞክሮ እጁ እምቢ ያለው ሰው .22 ቢይዝ አልቃወመውም። ፈርቶ ከሚተኩሰው 9 ሚሊ ይልቅ ቦታው ላይ የሚያሳርፈው .22 ይሻለዋል።

.25ን ለአዲስ ገዥ አልመክርም። ከ.22 ያነሰ ይከሽፋል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም ግን አላይበትም።

.32 ኤሲፒ ላይ ልቤ ያደላል። ጆን ብራውኒንግ በ1899 የሠራው ጥይት ነው። አረሩ 4.6 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ሽጉጥ ውስጥ እንኳ እጅ አያስለቅስም። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ጥይቱ በየሱቁ እንደልብ አይገኝም። የቀልሃው ጠርዝም ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ አጭር የሆነ ጥይት ካዝናው ውስጥ ሲንሸራተት የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ይገባና ሽጉጡ ነክሶ ይቆማል። ሽጉጡ የተሠራለትን ርዝመት ያለውን ጥይት ብቻ ከተጠቀማችሁ ይህ ብዙም አያጋጥምም።

.380 ኤሲፒ የ1908 ልጅ ነው፣ ይህም የብራውኒንግ ሥራ። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ጥይቱ ሲመረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1986 ማያሚ ውስጥ ከተደረገው የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ተኩስ በኋላ ቢሮው ጥይት የሚፈትንበትን መንገድ አሻሽሏል። መለኪያው ጥይቱ ሥጋን በሚተካ ጄላቲን ውስጥ ከ12 እስከ 18 ኢንች፣ ማለትም ከ30 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር እንዲገባ ነው። .380 ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ መከፈቱንም ጥልቀቱንም አንድ ላይ ማሟላት ይቸግረዋል። አፉ ክፍት የሆነው አረር ከተከፈተ ጥልቀቱ ያጥራል። ልብስ አፉን ከደፈነው ደግሞ ሳይከፈት ያልፋል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው አትመኑ። አፈሙዙ ከእናንተ ሽጉጥ ጋር እኩል በሆነ መሣሪያ የተፈተነውን ፈልጉ።

9 ሚሊ ፓራቤለም (1902) በጥይት ብዛት፣ በዓይነትና በጥልቀት ከሁሉም ይበልጣል። እጃችሁ ከቻለው እሱን ያዙ። «እጄ ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ያለው ሽጉጡ ክብደት ላይ ነው እንጂ ጥይቱ ላይ ብቻ አይደለም።

ማቀባበል ለሚከብደው ሰው

ርግጫ ፈርተው የሚመጡ ብዙዎች እውነተኛ ችግራቸው ሌላ ነው። ተንሸራታቹን ብረት ስበው ማቀባበል አይችሉም። እዚህ ላይ መጀመሪያ ዘዴውን እንሞክር። ባዶ ሽጉጥ ይያዝ፤ አፉ ሰው ወደሌለበት ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አትሳቡ። ሽጉጡን ወደ ደረታችሁ አቅርቡት። ክርናችሁ ከጎናችሁ ይጠጋ። በግራ መዳፋችሁ ብረቱን ከላይ ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙትና በቀኝ እጃችሁ እጀታውን ወደ ፊት ግፉት። በጣት መሳቡ ቀርቶ በትከሻ መግፋት ይሆናል። «አልችልም» ካሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ችለዋል።

በዚህም ካልተቻለ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ለማቀባበል እንዲቀል ተብሎ የተሠራ ሽጉጥ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ ስሙም ያንኑ ይናገራል፤ ኢዚ በእንግሊዝኛ «ቀላል» ማለት ነው። .380ው በ2018፣ 9 ሚሊው በ2020 ወጥቷል። ካዝናው ጎንና ጎን ላይ ጥይት ሲሞላ በጣት ወደ ታች የሚጫኑት ማገዣ አለው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ስምንት ጥይት በሚያም አውራ ጣት ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። እጀታው ኋላ ላይ በመዳፍ ካልተጫነ የማያስተኩስ ሴፍቲ ስላለው ላላ ብሎ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይሞክረው።

ሁለተኛው አፈሙዙ ከኋላ ብድግ የሚል ሽጉጥ ነው። ቤሬታ ቶምካት (.32) እና ቤሬታ ቦብካት (.22) እንዲህ ናቸው። ጎኑ ላይ ያለችውን መግቻ ስትነኩ የአፈሙዙ ኋላ ይነሳል። ጥይቱን በእጃችሁ ታጎርሱታላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ። ማቀባበል የሚባል ነገር የለም። ጥይት ከከሸፈ ወይም ከነከሰ ግን ፈጥኖ መፍታት ያስቸግራል፤ ይህን እያወቃችሁ ግዙት።

ሦስተኛው ሪቮልቨር ነው፤ ባለ ከበሮው። ብዙ ሰው ለሴትና ለአዛውንት ቶሎ የሚመክረው እሱን ነው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር 415 ግራም ገደማ ነው፣ ጥይቱ .38 ስፔሻል። ርግጫው ቀላል አይደለም። ምላጩም ሙሉውን መንገድ ሲሳብ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይፈልጋል፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የግሎክ ምላጭ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ማቀባበል ያቃተው ጣት ይህን ምላጭ አምስት ጊዜ ሳይንቀጠቀጥ መሳቡ ያጠራጥረኛል።

ሆኖም ሪቮልቨር አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። አውቶማቲክ ሽጉጥ አንጓችሁ ላላ ካለ ተንሸራታቹ መንገዱን ሳይጨርስ ይነክሳል። ሪቮልቨር ግን እንዴትም ያዙት፣ ከበሮው ይዞራል። ጥይት ቢከሽፍም ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው። ጣታቸው ጠንካራ፣ አንጓቸው ግን ደካማ ለሆኑ ሰዎች ስለዚህ እመክረዋለሁ። አረሩ 148 ግሬይን (9.6 ግራም ገደማ) የሚመዝነውን፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነውን የዒላማ ጥይት ያጉርሱበት፤ ርግጫው በግልጽ ይቀንሳል። ሩገር ኤልሲአር ደግሞ በ.22 ሲሠራ ስምንት ይጎርሳል፤ ለእጅ በጣም ለስላሳ ነው።

ሞዴሎቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

የኪስ የሚባሉትን እንጀምር። ኬል-ቴክ ፒ-32 ከ200 ግራም በታች ነው፣ ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል፣ ጥይቱ .32። ሱሪ ኪስ ውስጥ መኖሩን ትረሱታላችሁ። አፈሙዙ የሚቆላለፍ ዓይነት ስለሆነም ለክብደቱ በጣም ገር ነው። ማነጣጠሪያው ግን አለ ለማለት ያህል ነው። ሩገር ኤልሲፒ ማክስ (2021) 300 ግራም ገደማ ሆኖ አሥር የ.380 ጥይት ይይዛል። በዚያ መጠን አሥር ጥይትና በደንብ የሚታይ ማነጣጠሪያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ርግጫው ግን ያው የኪስ ሽጉጥ ርግጫ ነው። ልምድ ላለው እጅ እሰጠዋለሁ። ለጀማሪ አልሰጠውም።

መሀከለኞቹ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ግሎክ 42 (2014) 400 ግራም አይሞላም፣ ስድስት ጥይት በካዝናው። ቀጭን ነው፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ትንሽ መዳፍ ያለው ሰው ሲይዘው ለእሱ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ሲግ ሳወር ፒ365 በ.380 (2022) 445 ግራም ነው፣ አሥር ጥይት ይይዛል። ከግሎኩ ጥቂት ወፈር ይላል፣ ግን እጅ ይሞላል። ሁለቱን ለማበላለጥ መዳፋችሁን ጠይቁ፦ ሌባ ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓዋ ሳይጣመም ምላጩ ላይ የምታርፈው በየትኛው ነው? ያኛው የእናንተ ነው።

ወንድሙ የሆነው የ9 ሚሊው ፒ365 (2018) 505 ግራም ገደማ ነው። ለመደበቅ ከ.380ው ብዙም አይለይም። የሚለየው ሲተኮስ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ብትተኩሱ ከላይ ያሰላነው ነገር እጃችሁ ላይ ይነግራችኋል።

ሺልድ ኢዚ በ.380 524 ግራም፣ በ9 ሚሊ ደግሞ 650 ግራም አልፎ ይሄዳል። ሁለቱም ስምንት ጥይት ይይዛሉ። ከኪስ ሽጉጥ ረዘም ይላሉ፣ ኪስ አይገቡም። ወገብ ላይ ግን ልብሱ ሰፋ ካለ ይደበቃሉ። እጁ ደካማ ለሆነ ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የ.380ውን ኢዚ እላለሁ። እናትየው የደገሙት እሱን ነው።

ምላጩና ማህደሩ

ትንሽ ሽጉጥን ያለ ማህደር ኪስ ወይም ወገብ ላይ ሻጥ ማድረግ አደጋ ነው። ቁልፍ፣ የጃኬት ገመድ፣ የልብስ እጥፋት፣ ማንኛውም ነገር ምላጩን ሊስብ ይችላል። ማህደሩ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ የማይታጠፍ ጠንካራ ነገር ይሁን። ለኪስም የኪስ ማህደር አለ፤ ኪሱም ለሽጉጡ ብቻ ይሁን። በእጅ ቦርሳ መያዝን አልወደውም። ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይረሳል፣ ይነጠቃል፣ ልጅ ይከፍተዋል።

ሽጉጡ የእጅ ሴፍቲ ይኑረው ወይስ አይኑረው? ሁለቱም ያስኬዳል። ካለው ግን በልምምድ ላይ ሁሌ እየከፈታችሁ ተኩሱ። ያልተለማመዱት ሴፍቲ በጭንቅ ሰዓት ይረሳል።

ሳትተኩሱ አትግዙ

ሱቅ ውስጥ ይዞ «ተመቸኝ» ማለት ምንም አይነግርም። ትንሽ ሽጉጥ ባዶውን ሁሌም ይመቻል። ተከራይታችሁ ወይም ከሚያውቃችሁ ሰው ጋር ሆናችሁ 50 ጥይት ተኩሱበት፤ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርጋችሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት በ5 ሜትር ርቀት ወረቀት ላይ ተኩሱና ክብ አድርጉባቸው። የመጨረሻዎቹን አምስትም እንዲሁ። ሁለቱን አስተያዩ። የመጨረሻዎቹ ከተበተኑና ወደ ታች ከወረዱ እጃችሁ ርግጫውን እየፈራ ቀድሞ እየገፋ ነው። ያ ሽጉጥ የእናንተ አይደለም። ወይ ከበድ ያለውን ወይ ለስላሳ ጥይት ያለውን ሞክሩ።

ከገዛችሁ በኋላም ልትታጠቁት ያሰባችሁትን ጥይት ቢያንስ አንድ መቶ ተኩሱበት። ርካሹ የልምምድ ጥይት ሲሄድ የክፍት አፉ ጥይት የሚነክስበት ትንሽ ሽጉጥ ብዙ ነው። የትንንሾቹ ሽጉጦች ሞላም ከትልልቆቹ ቀድሞ ይደክማል። አምራቹ ስንት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ይቀየር እንዳለ መመሪያው ላይ አንብቡት።

እናትየው ሊወጡ ሲሉ ኢዚውን ማህደር ውስጥ ከትቼ ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው፣ ባዶውን። ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ቀጭኗ ቀበቶ ከክብደቱ የተነሳ ወደ ታች ተጎተተች፣ ሽጉጡም ወደ ውጭ ዘመመ፣ በቀሚሱ ላይ ቅርጹ ወጣ። ቀበቶዋን ወደ ላይ እየሳቡ «ይቺ አትችለውም» አሉ። ከሽጉጡ በፊት የገዙት ሁለት ጣት የሚሰፋ ጠንካራ የቆዳ ቀበቶ ነው።